የአክሲዮን ዋጋ ምን ያህል ይዋዥቃል? ቁጥሩን ከተርሚናል ማውጣትና ማንበብ

ዓርብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲዘጋ የኮምፒዩተር ቺፕ ኩባንያው የኤንቪዲያ አንድ አክሲዮን 142 ዶላር ከ62 ሳንቲም ያወጣ ነበር። ሰኞ ጃንዋሪ 27 ማምሻውን ግን ዋጋው 118 ዶላር ከ42 ሳንቲም ላይ ተገኘ። ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ በአነስተኛ ወጪ ሠራሁት ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ዜና በቅዳሜና እሑድ ተሰራጭቶ ስለነበር ባለአክሲዮኑ ሁሉ ለመሸጥ ተሽቀዳደመ። በዚያች አንድ ቀን ከኩባንያው የገበያ ዋጋ ላይ ወደ 590 ቢሊዮን ዶላር ተነነ። እስከዚያ ዕለት ድረስ አንድ ኩባንያ በአንድ ቀን ይህን ያህል ገንዘብ አጥቶ አያውቅም ነበር።

ዓርብ ማታ ይህን አክሲዮን የያዘ ወይም በመያዣነት ተቀብሎ ያበደረ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ተርሚናል ካለው፣ «ይህ አክሲዮን እስከ ዛሬ ምን ያህል ሲዋዥቅ ኖሯል?» ብሎ ለመጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። መልሱ በመቶኛ ተጽፎ ይወጣለታል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ አክሲዮን፣ በአንድ ምሽት፣ ተርሚናሉ አምስትና ስድስት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ሁሉም ትክክል ናቸው። የትኛውን እንደጠየቀ የማያውቅ ነጋዴ የራሱን ገንዘብ በሌላ ሰው ጥያቄ ላይ እንዳስያዘ ይቆጠራል።

በአዲስ አበባ ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ አብቅቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ «መዋዠቅ» የሚለው ቃል ከኢኮኖሚክስ መማሪያ ክፍል ወጥቶ ወደ ገበያ ገብቷል። ስለሆነም ቁጥሩ ከየት እንደሚወጣ፣ እንዴት እንደሚሰላና የት ላይ እንደሚያታልል ማየቱ ተገቢ ነው።

ቁጥሩ የሚገኝበት ገጽ

በዓለም የፋይናንስ ገበያዎች በብዛት ከሚሠራባቸው የመረጃ ተርሚናሎች ዋነኛው የብሉምበርግ ነው። ማይክል ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሰሎሞን ብራዘርስ ሲሰናበት በእጁ በገባው 10 ሚሊዮን ዶላር መነሻነት ኩባንያውን አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ደንበኛም ሜሪል ሊንች ነበር። ዛሬ የአንድ ተርሚናል ኪራይ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የውጭ ምንዛሪ ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ነገር ግን ከታች እንደሚታየው ዋናው ሥራ ያለ ተርሚናልም ሊሠራ ይችላል።

የተርሚናሉ የፊደል ሰሌዳ ከተራው ኮምፒዩተር የሚለየው በቀለሞቹ ነው። ቢጫዎቹ ቁልፎች ገበያውን ይመርጣሉ፦ አንዱ ለአክሲዮን፣ አንዱ ለመንግሥት ቦንድ፣ አንዱ ለሸቀጥ፣ አንዱ ለምንዛሪ። አረንጓዴው «ጎ» የሚባለው ቁልፍ ትእዛዙን ያስፈጽማል። የኤንቪዲያን መዋዠቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የአክሲዮኑን መለያ ኤን-ቪ-ዲ-ኤ ብሎ ይጽፋል፤ ክፍት ቦታ ትቶ የአሜሪካን ገበያ ለማመልከት ዩ-ኤስ ይጨምራል፤ «ኢኩዊቲ» የሚለውን ቢጫ ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያም ጎ። አክሲዮኑ ተጫነ ማለት ነው። ቀጥሎ ኤች-ቪ-ቲ ብሎ ጎን ሲጫን ያለፈ ጊዜ መዋዠቅ በሠንጠረዥ ይመጣል። በግራፍ ማየት የሚሻ በኤች-ቪ-ቲ ምትክ ኤች-ቪ-ጂ ይጽፋል። ቁጥሮቹ የተቀመሩበትን የየዕለቱን መዝጊያ ዋጋና የተሸጠውን አክሲዮን ብዛት ለማየት ደግሞ ኤች-ፒ አለ። ይህ የመጨረሻው ገጽ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ መዘለል ግን የለበትም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

የአገሩ ፊደል እዚህ ላይ ትርጉም አለው። አንድ ኩባንያ በኒውዮርክም በለንደንም ሊገበያይ ይችላል፤ የለንደኑ ዋጋ በሌላ ምንዛሪ የተጻፈና በሌላ ሰዓት የሚዘጋ በመሆኑ የመዋዠቁ ቁጥርም አንድ አይሆንም። የተደናገረው ሰው አረንጓዴውን «ሄልፕ» ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢጫን ከኩባንያው ሠራተኛ ጋር በጽሑፍ ይገናኛል። ለ20 ሺህ ዶላር ይህ ቢያንስ ሊያንሰው አይገባም።

በእጅ ሲሰላ

ሠንጠረዡ ላይ የሚወጣው መቶኛ ምሥጢር የለውም። አራት እርምጃ ነው።

በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ቀን መዝጊያ ዋጋ በቀደመው ቀን መዝጊያ ዋጋ ይካፈልና የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ ይወሰዳል። ለምን ሎጋሪዝም? 100 ብር የነበረ አክሲዮን 10 በመቶ ወድቆ በማግሥቱ 10 በመቶ ቢነሳ 100 አይደርስም፤ 99 ላይ ይቀራል። በተራ መቶኛ መውጣትና መውረድ እኩል አይመዝኑም፤ በሎጋሪዝም ግን ይመዝናሉ።

የኤንቪዲያ የዚያ ሳምንት መዝጊያ ዋጋዎች እነሆ፦ ዓርብ 142.62፣ ሰኞ 118.42፣ ማክሰኞ 128.99፣ ረቡዕ 123.70፣ ሐሙስ 124.65፣ ዓርብ 120.07 ዶላር። ከስድስት ዋጋ አምስት ለውጥ ይገኛል፤ በሎጋሪዝም መቶኛ ሲጻፍ ሰኞ 18.59 ቅነሳ፣ ማክሰኞ 8.55 ጭማሪ፣ ረቡዕ 4.19 ቅነሳ፣ ሐሙስ 0.77 ጭማሪ፣ ዓርብ 3.74 ቅነሳ።

ሁለተኛው እርምጃ አማካዩን ማግኘት ነው፤ እዚህ 3.44 ቅነሳ ይሆናል። ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ቀን ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ ታይቶ ርቀቱ በራሱ ይባዛል፤ የሰኞው ወደ 229.5፣ የማክሰኞው ወደ 143.8 ሲሆን ሌሎቹ ሦስት ቀናት ተደምረው 18.4 ብቻ ናቸው። ጠቅላላው 391.7 ከቀናቱ ቁጥር አንድ ተቀንሶ በቀረው፣ ማለትም በ4 ይካፈላል፤ የውጤቱ ካሬ ሥር ወደ 9.9 ነው። የስታቲስቲክስ ሰዎች ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚሉት ይህ ነው። በዚያ ሳምንት አክሲዮኑ በቀን ወደ 10 በመቶ ሲዋዥቅ ነበር ማለት ነው።

አራተኛው የቀኑን ወደ ዓመት መለወጥ ነው። የአሜሪካ ገበያ በዓመት ወደ 252 ቀን ይሠራል፤ የቀኑ ቁጥር በ252 ሳይሆን በ252 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ15.87 ይባዛል። ምክንያቱም ከጊዜ ጋር ቀጥ ብሎ የሚያድገው የርቀቱ ካሬ እንጂ ርቀቱ ራሱ አይደለም፤ አንድ ቀን የወጣው በማግሥቱ ሊወርድ ስለሚችል በከፊል ይጣፋል። 9.9 በ15.87 ሲባዛ 157 በመቶ ይሆናል። ዓመቱን በ260 የሥራ ቀን የሚቆጥር ደግሞ ካሬ ሥሩ 16.12 ስለሆነ 160 በመቶ ገደማ ያገኛል። አክሲዮኑ ያው፣ ዋጋው ያው ሆኖ ቁጥሩ ግን ተለያየ። ሁለት ደላላዎች «መዋዠቁ ይህን ያህል ነው» ብለው ሲከራከሩ አንዳንዴ የሚጣሉት በዚህ ብቻ ነው።

ኤክሴል ያለው ሰው ይህን ሁሉ በሦስት ቀመር ይሠራዋል፦ ኤል-ኤን ለሎጋሪዝም፣ ኤስ-ቲ-ዲ-ኢ-ቪ ለስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ኤስ-ኪው-አር-ቲ ለካሬ ሥር። የሚያስፈልገው የመዝጊያ ዋጋዎች ዝርዝር ብቻ ነው። ተርሚናሉ የሚሸጠው ስሌቱን ሳይሆን የተጣራውን የዋጋ ዝርዝርና ፍጥነቱን ነው።

ቁጥሩን ወደ ኪስ ቋንቋ ለመመለስ የዎል ስትሪት ነጋዴዎች በ16 ያካፍላሉ። የዓመት መዋዠቁ 32 በመቶ የሆነ አክሲዮን በተለመደ ቀን ወደ 2 በመቶ ይወጣል ወይም ይወርዳል። 1 ሚሊዮን ያፈሰሰ ሰው በተራ ቀን የ20 ሺህ ትርፍ ወይም ኪሳራ ቢያይ ሊደነግጥ አይገባም፤ የገዛው ይህንኑ ነው። በመያዣ የሚያበድር ደግሞ መያዣውን ለመሸጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ያስባል። 10 ቀን ከሆነ 2 በመቶው በ10 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ3.16 ተባዝቶ ወደ 6.3 በመቶ ይደርሳል። ይህ ግን የተለመደው እንቅስቃሴ እንጂ የከፋው አይደለም።

የስንት ቀን?

ሠንጠረዡ ላይ በአናቱ የተደረደሩት እንደ 10፣ 30፣ 50፣ 100 ያሉ ቁጥሮች ወደ ኋላ የሚታዩትን ቀናት ብዛት ያመለክታሉ። ሁሉም ወደ ዓመት ስለተለወጡ ጎን ለጎን ሊነጻጸሩ ይችላሉ፤ የሚሉት ግን የተለያየ ነው። ከላይ የተገኘው 157 በመቶ የአምስት ቀን ነው። በ260 ቀን የሚመለከት ሰው ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ያያል። የትኛው ይሻላል የሚለው የሚወሰነው አክሲዮኑ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያዝ ታይቶ ነው፤ ለሳምንት የሚገዛ የ260 ቀን አማካይ ብዙ አይጠቅመውም፤ ለሁለት ዓመት የሚያበድርም በ10 ቀን ጸጥታ ሊዘናጋ አይገባም።

የአጭሩ መስኮት አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የኤንቪዲያ የሰኞው ውድቀት ብቻውን፣ ሌሎቹ 29 ቀናት ምንም እንዳልተንቀሳቀሱ ቢቆጠር እንኳ፣ የ30 ቀኑን መዋዠቅ 54 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል። በ260 ቀን መስኮት ውስጥ ያው ቀን ለብቻው 18 በመቶ ገደማ ነው። አሁን ሌሎቹ 29 ቀናት የ40 በመቶ መዋዠቅ ቢኖራቸው ጠቅላላው ወደ 67 ይወጣል። ያ ሰኞ በ30 ቀኑ መስኮት ውስጥ እስከ ማርች 10 ይቆያል፤ ማርች 11 ላይ ይወጣል። በዚያ ዕለት በኩባንያው ላይ አንዳች ነገር ባይደርስም እንኳ የድሮው ሰኞ ከመስኮቱ በመውጣቱ ብቻ ቁጥሩ ከ67 ወደ 40 ሊወርድ ይችላል። «መዋዠቁ ቀነሰ፣ አሁን እንግዛ» የሚል ደላላ በዚህ ጊዜ የሚያወራው ስለ አክሲዮኑ ሳይሆን ስለ ቀን አቆጣጠሩ ነው። በግራፉ ላይ መስመሩ እንደ ደረጃ ቁልቁል ሲሰበር የታየ እንደሆነ በዋጋ ገጹ ላይ ወደ ኋላ 30 ቀን ቆጥሮ በዚያ ቀን ምን እንደነበረ ማየት ይበቃል።

ሌላው የሚጣራው የአክሲዮን መከፋፈል ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 አንዱን አክሲዮን ለ10 ከፈለ። ጁን 7 የተዘጋው በ1,208 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነበር፤ በቀጣዩ የገበያ ቀን ጁን 10 የተዘጋው በ121 ዶላር ከ79 ነው። የማንም ኪስ አልተነካም፤ እንዲያውም ባለአክሲዮኑ በጥቂቱ አተረፈ። ያልተስተካከለ የዋጋ ዝርዝር ተጠቅሞ የሚያሰላ ግን በዚያ ቀን 90 በመቶ ውድቀት ያነባል፤ የ30 ቀን መዋዠቁም ከ660 በመቶ በላይ ይወጣለታል። ተርሚናሉ ይህን ሊያስተካክል ይችላል፤ ከልዩ ልዩ ቦታ ዋጋ ለቅሞ በኤክሴል የሚሠራ ግን ራሱ ማስተካከል አለበት።

ቁጥሩ የማይናገረው

አንድ አክሲዮን በየቀኑ ልክ 1 በመቶ ቢወርድ መዋዠቁ ስንት ነው? መልሱ ዜሮ ነው። እያንዳንዱ ቀን ከአማካዩ አይርቅምና። በ252 ቀን 100 ብሩ 8 ብር ገደማ ሆኖ ሳለ ሠንጠረዡ «የተረጋጋ» ይላል። በእውነተኛ ገበያ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁልቁለት አይገኝም፤ ቢሆንም ምሳሌው አንድ ነገር ያሳያል፦ መዋዠቅ የኪሳራ መለኪያ አይደለም። በቀስታ እየከሰረ የሚሄድ ኩባንያ ዝቅተኛ መዋዠቅ ሊኖረው ይችላል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። የኤንቪዲያን የዓመት መዋዠቅ 50 በመቶ ብሎ የወሰደ ሰው በ16 ሲያካፍለው በቀን ወደ 3.1 በመቶ ያገኛል። የጃንዋሪ 27ቱ የ17 በመቶ ውድቀት ከዚህ አምስት እጥፍ ይበልጣል። በመማሪያ መጻሕፍቱ የደወል ቅርጽ ኩርባ መሠረት እንዲህ ያለ ቀን ሊመጣ የሚገባው በመቶ ሺህ ዓመት ውስጥ አንዴም ያህል አይደለም። ገበያዎች ግን እንዲህ ያለውን ቀን ደጋግመው አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የዳው ጆንስ መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወድቋል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የተለመደውን ቀን ይለካል፤ ነጋዴን የሚያከስረው ደግሞ ያልተለመደው ቀን ነው።

ይህን የዘነጉ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው የ2018ቱ ታሪክ ይናገራል። 2017 የአሜሪካ ገበያ እጅግ ጸጥ ያለበት ዓመት ነበር፤ የ30 ቀንም የ100 ቀንም መዋዠቅ ወለል ላይ ተኝቶ ነበር። ብዙ ገንዘብ፣ የተራ ቆጣቢዎች ጭምር፣ ጸጥታው እስከቀጠለ ድረስ ብቻ በሚያተርፉ ሰነዶች ውስጥ ገባ። ከእነዚህ አንዱ በክሬዲት ስዊስ የተሸጠው ኤክስ-አይ-ቪ የተባለው ነው። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 4.1 በመቶ ወረደ፤ ቪክስ የሚባለው የሚጠበቅ መዋዠቅ መለኪያ ከ17.31 ወደ 37.32 ዘለለ። ኤክስ-አይ-ቪ ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ አጣ፤ ባንኩም ሰነዱን ዘጋው። ለወራት ያተረፈ ገንዘብ በአንድ ምሽት አለቀ። ያለፈውን መዋዠቅ ያነበቡት ሰዎች ቁጥሩን በትክክል አንብበው ነበር፤ የተሳሳቱት ነገም እንደ ትናንት ይሆናል ብለው በማሰባቸው ነው።

ለዚህ ነው ተርሚናሉ ሌላ ገጽ ያለው። ጂ-ቪ ተብሎ ሲጠራ ያለፈውን መዋዠቅ በኦፕሽን ዋጋ ውስጥ ከተደበቀው፣ ገበያው ወደፊት ከሚጠብቀው መዋዠቅ ጋር በአንድ ግራፍ ያሳያል። ሁለቱ ሲራራቁ ገበያው ያላለፈውን ነገር እየፈራ ነው ማለት ነው። የኦፕሽን ገበያ በሌለበት አገር ግን ይህ ገጽ ባዶ ነው።

የኢትዮጵያ አስመጪዎች ይህንኑ ትምህርት ከምንዛሪ ገበያው አግኝተውታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ወራት ይፋዊው የዶላር ዋጋ ከቀን ወደ ቀን በሳንቲሞች ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ብሩን በምንዛሪው ቁልፍ ጠርቶ ያለፈውን መዋዠቅ የተመለከተ ሰው ከየትኛውም አክሲዮን የተረጋጋ ነገር ነበር የሚያየው። ጥቁር ገበያው ግን ሌላ ዋጋ እየጠራ ነበር። የምንዛሪ ለውጡ በታወጀበት ዕለት ከ58 ብር በታች የነበረው ይፋዊ ዋጋ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በነሐሴም 100 ብርን አለፈ። በዶላር ዕዳ ያለበት ነጋዴ ዕዳው በሳምንታት ውስጥ በብር ሲቆጠር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ዋጋው ያልተዋዠቀው አደጋ ስላልነበረ ሳይሆን እጅ ስለያዘው ነበር።

ያልተገበያየ አክሲዮን

ዋጋን ጸጥ የሚያደርገው ሁለተኛው ነገር የገዢና የሻጭ አለመኖር ነው፤ ለአዲስ አበባ ባለሀብት የሚያሳስበውም ይህ ነው። በኢትዮጵያ የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮኖች ለብዙ ዓመታት በስምምነት ወይም በጨረታ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተዋል፤ የየዕለት መዝጊያ ዋጋ ግን አልነበራቸውም። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ሲያቀርብ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ 3.2 ቢሊዮን ብር አውጥተው ገዝተዋል፤ ሲገዙ በገበያ የተፈተነ አንድም ቀን የዋጋ ታሪክ በፊታቸው አልነበረም። በአዲሱ ገበያ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነው። የአክሲዮን ገበያ በየትም አገር ሲጀመር ንግዱ ስስ ይሆናል፤ ለቀናት አንድም አክሲዮን ሳይሸጥ ሊያልፍ ይችላል።

እንዲህ ባለ ገበያ ስሌቱ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ ይታይ። አንድ አክሲዮን በ1,000 ብር ተሸጠ፤ ከዚያ ከወር በላይ ማንም አልገዛም፣ ማንም አልሸጠም። መዝገቡ በየቀኑ የመጨረሻውን ዋጋ ስለሚደግም የ30 ቀን መዋዠቁ ዜሮ ነው። አንድ ቀን በ1,100 ብር ተሸጠ፤ መዋዠቁ በአንድ ጊዜ 27.6 በመቶ ይሆናል። እንደገና 30 ቀን ሳይሸጥ ቢቆይ ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። ከዜሮ ወደ 27.6፣ ከዚያም ወደ ዜሮ፤ ከሦስቱ አንዱም ባለአክሲዮኑ የተሸከመውን አደጋ አይገልጽም። ገንዘቡ ቸግሮት ነገ ልሽጥ ቢል ገዢ የሚያገኘው በ1,100 ይሁን በ800 የሚያውቅ የለም። ከኤንቪዲያ ባለአክሲዮን ጋር ሲነጻጸር ይህኛው በወረቀት ላይ የተረጋጋ ነው፤ የኤንቪዲያው ግን በዚያ ክፉ ሰኞ እንኳ፣ በከሰረ ዋጋም ቢሆን፣ ሸጦ መውጣት ይችል ነበር።

የዋጋ ገጹ መዘለል የለበትም የተባለው ለዚህ ነው። ከዋጋው ጎን የተሸጠው ብዛት ይጻፋል። ከ30 ቀናት ውስጥ ስንቱ ላይ ንግድ እንደነበረ መቁጠር የመዋዠቁን መቶኛ ከማየት ይቀድማል። ግማሹ ባዶ ከሆነ የቀን ስሌቱ መተው አለበት፤ በምትኩ የሳምንት ወይም የወር መዝጊያ ዋጋ ይወሰዳል። የሳምንቱ ወደ ዓመት የሚለወጠው በ52 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ7.21 ሲሆን የወሩ በ12 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ3.46 ነው። የወር ስሌት የሚታመን እንዲሆን ግን ቢያንስ የሁለትና ሦስት ዓመት ዋጋ ይጠይቃል፤ ያ እስኪጠራቀም ድረስ በአክሲዮን መያዣ የሚያበድር ተቋም በመዋዠቅ ቁጥር ላይ ሳይሆን በኩባንያው ሒሳብ መዝገብና በገዢና በሻጭ የጥሪ ዋጋ መካከል ባለው ስፋት ላይ ቢመረኮዝ ይሻለዋል። «የመዋዠቅ መጠኑ ዝቅተኛ ስለሆነ መያዣው አስተማማኝ ነው» የሚል የብድር ማመልከቻ ከአዲስ ገበያ አክሲዮን ጋር ተያይዞ የቀረበለት የብድር ኃላፊ የመጀመሪያ ጥያቄው ስንት ቀን ተገበያየ የሚል መሆን አለበት።

ለቡና ላኪዎች

ይኸው ስሌት በሸቀጥ ቁልፍም ይሠራል፤ የኒውዮርኩ የአረቢካ ቡና ውል በኬ-ሲ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ዋጋው ለመጀመሪያ ጊዜ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ብዙ ላኪዎች መዋዠቁን ለማየት የፈለጉት ከዚህ ገጽ ነው። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ኬ-ሲ-1 ተብሎ ሲጻፍ ተርሚናሉ ሁልጊዜ የቅርቡን ወር ውል ይሰጣል፤ የቅርቡ ውል ሲያበቃ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል። የሁለቱ ወራት ዋጋ ስለሚለያይ በመሸጋገሪያው ቀን ቡናው ሳይንቀሳቀስ ዋጋው የዘለለ ይመስላል፤ ዝላዩም በመዋዠቁ ውስጥ ይገባል። ውሎቹ የማርች፣ የሜይ፣ የጁላይ፣ የሴፕቴምበርና የዲሴምበር ናቸው። ላኪው ዋጋውን ያሰረው በሜይ ውል ከሆነ ኬ-ሲ-1ን ትቶ የራሱን የሜይ ውል ስም ጽፎ የዚያን ብቻ መዋዠቅ ይመልከት፤ የሚከፍለውም የሚቀበለውም በእርሱ ነውና።